የሬስ ሊግ ልታቋቁሙ ነው? መጀመሪያ የቅጣቱን ሕግ ምረጡ

ሐዋሳ ውስጥ የፎርሙላ ዋን ጌም ሊግ ማቋቋም ከባድ አይደለም። ፕሌይስቴሽን ቤት በየሰፈሩ አለ። ስምንት አስር ልጅ ይሰበሰባል፣ ብር ይዋጣል፣ መጨረሻ የወጣ አሞራ ገደል ወስዶ አሳ ይጋብዛል ይባልና ይጀመራል። ጣጣው የሚመጣው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው። አንዱ ፍሬን ሳይዝ መጥቶ ሌላውን ገጭቶ ያልፋል፣ የተገጨው ጆይስቲኩን ሶፋው ላይ ወርውሮ ይነሳል፣ ከኋላ ቆሞ ተራውን የሚጠብቀው ሁሉ ደግሞ ዳኛ ይሆናል።

ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ የቅጣቱን ሕግ ምረጡ። አማራጮቹ ብዙ አይደሉም። ማንም ያጥፋ፣ እንዴትም ያጥፋ፣ ቅጣቱ ቁርጥ ያለ አንድ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ወይም ሁሉም ነገር ለዳኛ ይተዋል። ወይም ጌሙ ራሱ ይፍረድ ትላላችሁ። እየተጠራቀመ የሚሄድ ነጥብም አለ። ወይም ቀላቅላችሁ ትሠራላችሁ። በእውነተኛው ሬስ ሁሉም ተሞክረዋል፣ በሁሉም ደግሞ ተጣልተውባቸዋል፤ እኛ ቢያንስ ከእነሱ ጭቅጭቅ እንማር። (ከታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእኔን አቋም ቀድሜ ልናገር። በሚዛን፣ በሰዓት ወይም በሜትር ለሚለካ ነገር ቁርጥ ያለውን ሕግ ያዙ። ሁለት ሰው ተጋጭቶ ለሚፈጠር ነገር ግን ቁርጥ ያለ ቅጣት ፍትሐዊ ይመስላል እንጂ አይደለም። ኳስ የምታዩ ሰዎች ይገባችኋል፦ ኦፍሳይድ መስመር ተሰምሮ ይለካል፣ ፋውል ግን መታየት አለበት።

የሚለካው ጥፋት

በጁላይ 2024 የፎርሙላ ዋኑ ነጂ ጆርጅ ራስል ቤልጂየም ስፓ ላይ አሸነፈ። ሌሎቹ ሁለት ጊዜ ጎማ ሲቀይሩ እሱ አንዴ ብቻ ቀይሮ፣ ባረጀ ጎማ የቡድን ጓደኛውን ሃሚልተንን እስከ መጨረሻው ከኋላው ይዞ፣ በጣም የሚያምር ሬስ ነበር የነዳው። ከዚያ መኪናው ተመዘነ። ያኔ የተፈቀደው ዝቅተኛ ክብደት 798 ኪሎ ነበር፤ የእሱ ነዳጁ ተቀድቶ ሲወጣ 796.5 ሆነ። ከውጤቱ ተሰረዘ፣ ድሉ ለሃሚልተን ተሰጠ። ሆን ተብሎ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ የለም፤ መጠየቅም አያስፈልግም። ቀለል ያለ መኪና ይፈጥናል፣ በቃ። ዛሬ 1.5 ኪሎ ካለፋችሁ ነገ ሁሉም 1.5 ኪሎ ቀንሶ ይመጣል።

በ2021 ሃንጋሪ ላይ ሴባስቲያን ቬትልም ሁለተኛ ወጥቶ ነበር። ለምርመራ 1 ሊትር ነዳጅ ከመኪናው መቀዳት ነበረበት፣ 0.3 ብቻ ተገኘ፣ ሁለተኛነቱ ቀረ። በ2025 ላስ ቬጋስ ደግሞ ለዋንጫ የሚፎካከሩት ሁለቱም የማክላረን ልጆች፣ ኖሪስና ፒያስትሪ፣ ከመኪናው ሥር ያለው ጣውላ ከ9 ሚሊ ሜትር በታች ተበልቶ ስለተገኘ ተሰረዙ። ዋንጫው አንገት ላንገት በተያያዘበት ሰዓት ነው ይሄ የሆነው። ማንም ግን «ለእነሱ አደላ» ወይም «በእነሱ ላይ ጨከነ» ሊል አልቻለም፣ ምክንያቱም የፈረደው መለኪያ ነው። የቁርጥ ሕግ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ ጠብ ያሳጥራል።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ መለካቱ ብቻ አይበቃም። የሚለካውን ነገር ተወዳዳሪው ራሱ ሊቆጣጠረው መቻል አለበት። ሞቶጂፒ (የሞተር ሳይክል ሬስ) ላይ የፊት ጎማ አየር ከተወሰነው መጠን በታች ከሆነ 16 ሰከንድ ትቀጣለህ። ጎማው ደግሞ ከሌላ ሞተር ኋላ ስትነዳ ይሞቅና አየሩ ይጨምራል፣ ብቻህን ከፊት ስትሄድ ይቀዘቅዝና ይቀንሳል። በ2025 ኳታር ላይ ማቨሪክ ቪኛሌስ ማንም ሳይጠብቀው ወደ ፊት ወጥቶ ሬሱን መምራት ጀመረ። ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፣ 16 ሰከንዱ ሲጨመርበት 14ኛ ሆነ። ማለትም ጎበዝ ሆኖ ፊት በመውጣቱ ቅጣት በላ ማለት ይቻላል። ደንቡ የወጣው ለጎማው ደኅንነት ነው፣ ይገባኛል፤ ቢሆንም ይቆረቁራል።

እኛ ጋ የሚለካው ምንድን ነው? አንደኛ፣ የጌሙ ሴቲንግ። ትራክሽን ኮንትሮል (ጎማው እንዳይንሸራተት የሚያግዘው) ተከልክሎ አብርቶ የተገኘ የዚያ ቀን ውጤቱ ይሰረዝ፤ «ረስቼው ነው» አይሠራም። ሁለተኛ፣ ሰዓት። እዚህ ላይ ከራሊ ተማሩ፤ ጎረቤታችን ኬንያ የሚካሄደው ሳፋሪ ራሊም የሚሠራበት ነው። መቆጣጠሪያ ጣቢያ ላይ በአንድ ደቂቃ ብታረፍድ 10 ሰከንድ፣ በአንድ ደቂቃ ቀድመህ ብትገባ ደግሞ ሙሉ 1 ደቂቃ ይጨመርብሃል። የሐበሻ ቀጠሮን በዚህ ስሌት ካስኬድነው ግማሹ ሊግ አንድ ዙር ተቀድሞ ነው የሚነሳው። ስለዚህ ለስለስ አድርጉት፦ ያረፈደ ከመጨረሻ ይነሳ፣ ከ15 ደቂቃ በላይ ያረፈደ በፎርፌ ይውጣ። ባጃጅ አጣሁ፣ ዝናብ ያዘኝ፣ እናቴ ላከችኝ፣ ምንም። አንዱን ምክንያት ከሰማችሁ ሁሉንም ልትሰሙ ነው።

ጆይስቲክ ግን የቪኛሌስ ነገር ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት ሄዶ የማያውቅ ብቻ ነው ሁሉም ጆይስቲክ እኩል ነው የሚለው። አንዱ ወደ ግራ ይጎትታል፣ የአንዱ ፍሬን ግማሽ ድረስ ነው የሚሠራው። በተበላሸ ጆይስቲክ ከመስመር የወጣን ልጅ በቁርጥ ሕግ መቅጣት ግፍ ነው። መፍትሔው ርኅራኄ አይደለም። ከሬሱ በፊት ጆይስቲኮቹ በዕጣ ይውጡ፣ ለሙከራ ሁለት ዙር ይነዳባቸው፣ ቅሬታ ያለው ያኔውኑ ይናገር።

ግጭት ሲሆን

ዋናው ጭቅጭቅ ያለው እዚህ ነው።

በ2021 ሲልቨርስቶን ላይ ሃሚልተንና ቨርስታፐን በመጀመሪያው ዙር ኮፕስ በሚባለው ፈጣን መታጠፊያ ተጋጩ። ቨርስታፐን በ51 ጂ (የስበት ኃይል 51 እጥፍ) ግድግዳ መታ፣ ሆስፒታል ተወሰደ። ጥፋቱ በአብዛኛው የሃሚልተን ነው ተባለና 10 ሰከንድ ተቀጣ። ቅጣቱን ጎማ ሲቀይር ፈጸመ፣ ሊያልቅ ሁለት ዙር ሲቀር መሪውን ሻርል ለክሌርን አልፎ አሸነፈ። 25 ነጥብ ይዞ ወደ ቤቱ።

በ2025 ባርሴሎና ላይ ቨርስታፐን ራስልን ገጨ። ቅጣቱ ያው 10 ሰከንድ። ግን ሬሱ ሊያልቅ ሲል ሴፍቲ ካር (አደጋ ሲኖር ከፊት ሆኖ ሁሉንም ቀስ የሚያስነዳው መኪና) ወጥቶ መኪኖቹን ሁሉ አጠጋግቷቸው ስለነበር 10 ሰከንዱ ከ5ኛ ወደ 10ኛ ጣለው። ከ10 ነጥብ ወደ 1 ነጥብ። በዓመቱ መጨረሻ ዋንጫውን ለኖሪስ የተወው በ2 ነጥብ ልዩነት ነው። አስቡት።

አንድ ዓይነት ቁጥር፣ ሁለት የማይገናኝ ቅጣት። የቁርጥ ሕግ ደጋፊዎች «የምንቀጣው ድርጊቱን እንጂ ውጤቱን አይደለም» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። የተገጨው ልጅ ከሬሱ ስለወጣ ብቻ የገጪውን ቅጣት እጥፍ ካደረግን ዕድልን ነው የምንቀጣው። (ባርሴሎና ላይ ቨርስታፐን ተናዶ ነው የገጨው የሚል ካለ አልከራከርም፤ እኔም እንደዚያ ነው የመሰለኝ።) ግን 10 ሰከንድ ራሱ ቋሚ ነገር አይደለም። መኪኖቹ ተራርቀው ሲሄዱ ምንም አይደለም፣ ተጠጋግተው ሲሄዱ ግማሽ ሬስ ነው። ለዚህ ነው ለግጭት ከሰከንድ ይልቅ በቦታ የሚቆጠር ቅጣት የምመርጠው። ገጭተህ ካለፍክ ቦታውን መልስ። ሞቶጂፒ ከ2019 ጀምሮ ያመጣው «ሎንግ ላፕ» የሚባለው ቅጣትም ጥሩ ነው፤ ተቀጪው እዚያው ሬሱ ላይ በሰፊው መንገድ ዞሮ ይከፍልና ጉዳዩ ይዘጋል።

ሌላም ችግር አለ። ቁጥሩ አስቀድሞ ከታወቀ ቅጣት መሆኑ ይቀርና ዋጋ ይሆናል፣ ዋጋ ደግሞ የሚችል ይገዛዋል። በ2024 ጅዳ ላይ ኬቨን ማግኑሰን ሁለት ጊዜ 10፣ 10 ሰከንድ ተቀጣ። የራሱ ሬስ እንደሆነ አብቅቷል። ስለዚህ ምን አደረገ? ቀስ ብሎ እየነዳ ከኋላው ያሉትን አፍኖ ያዛቸው፣ የቡድን ጓደኛው ሁልከንበርግ በዚያ መሐል ክፍተት አግኝቶ ጎማ ቀይሮ 10ኛ ወጣ፣ ቡድኑ አንድ ነጥብ ለቀመ። ከቅጣቶቹ አንዱ ደግሞ ሱኖዳን ከመስመር ወጥቶ በማለፉ የመጣ ነው፤ ያንን ባያደርግ ኖሮ ከፊት ሆኖ ማፈን አይችልም ነበር። አራዳነቱን አደንቃለሁ፣ ሕጉን ግን ያዋረደ ነገር ነው። እናንተም ሰፈር ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ሊግ ካሉ ይሄን ማየታችሁ አይቀርም።

ግጭትን በጽሑፍ እንደ ኦፍሳይድ ለመለካትም ተሞክሯል። መታጠፊያው ውስጠኛ ጫፍ ላይ ማን ቀድሞ ደረሰ፣ መታጠፊያው የእሱ ነው የሚል መመሪያ ነበር። ግልጽ ይመስላል። ቨርስታፐን ግን ገባው፦ ፍሬን አዘግይተህ ብትይዝ ጫፉ ላይ ቀዳሚ ትሆናለህ፣ ከዚያ ሁለታችሁም ከመስመር ትወጣላችሁ፣ በሕጉ ግን አንተ ንጹሕ ነህ። በ2024 ኦስቲን ላይ ኖሪስ ከመስመር ውጪ አለፈው ተብሎ 5 ሰከንድ የተቀጣው በዚህ ነው፤ ሦስተኛነቱም ለቨርስታፐን ሄደ። በሳምንቱ ሜክሲኮ ላይ ቨርስታፐን ያንኑ ሲደጋግም ሁለት ጊዜ 10 ሰከንድ ወደቀበት። ከዚያ መመሪያው እንደገና ተሻሻለ። ለግጭት ያወጣችሁት ቁርጥ ሕግ በሙሉ ክፍተቱን የሚያገኝለት ጎበዝ አያጣም።

ሁሉን ለዳኛ ብንተወውስ?

አትተዉት። በተለይ ዳኛው ራሱ የሚወዳደር ከሆነ፣ ወይም የፕሌይስቴሽን ቤቱ ባለቤት ከሆነ፣ ወይም ያንዳችሁ የአክስት ልጅ ከሆነ።

በ1998 ሲልቨርስቶን ላይ ሚካኤል ሹማከር በሴፍቲ ካር ጊዜ መኪና አለፈ ተብሎ የ10 ሰከንድ ቅጣት ተጣለበት። ዳኞቹ ግን ውሳኔውን አዘግይተው፣ የትኛው ዓይነት ቅጣት እንደሆነ እንኳ በማይገባ መንገድ ጽፈው ሰጡ። ፌራሪዎች ቅጣቱን በመጨረሻው ዙር ፒት (ጎማ የሚቀየርበት ቦታ) ገብተው ፈጸሙት፤ ፒታቸው ያለው ከመጨረሻው መስመር በኋላ ስለሆነ ሹማከር ፒት ውስጥ ሆኖ አሸነፈ። ቅጣቱ በኋላ ተነሣ፣ ሦስቱ ዳኞች ፈቃዳቸውን መለሱ።

በ2008 ስፓ ላይ ደግሞ ሃሚልተን ቺኬኑን (ግራና ቀኝ የሚጠማዘዘውን መታጠፊያ) ቆርጦ ራይኮነንን አለፈ፣ ቦታውን መለሰ፣ ወዲያው በሚቀጥለው መታጠፊያ መልሶ አለፈው። መለስኩ ብሎ ነበር። ሬሱ ካለቀ በኋላ «የመለስከው በቂ አይደለም» ተባለና 25 ሰከንድ ተጨመረበት፣ ድሉ ለማሳ ሄደ። ስንት መታጠፊያ መጠበቅ እንዳለበት ጥርት ብሎ የተነገረው ከዚያ በኋላ ነው። የ2019 ካናዳም አለ፦ ቬትል ሣር ላይ ወጥቶ ሲመለስ ሃሚልተንን አጨናነቀ ተብሎ 5 ሰከንድ፣ አንደኛ ሆኖ ጨርሶ ሁለተኛ። ተናዶ ሄዶ የ1 ቁጥሩን ሰሌዳ ከሃሚልተን መኪና ፊት አንሥቶ ወደ ራሱ ቦታ አዛወረው። ያንን ሬስ ያየ ሁሉ እስከ ዛሬ ለሁለት ተከፍሎ ነው የሚከራከረው።

ጌሙ ራሱ ይፍረድ?

ኮርነር ለቆረጠ፣ አዎ። ማሽን አያዳላም። ግን ማሽን «ለምን ወጣህ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ተገፍቶ የወጣውንም ሊቆርጥ የወጣውንም እኩል ያያል። ስለዚህ ተገፍቼ ነው የሚል ሪፕሌይ ያሳይ፣ ከታየ ሰከንዱ ይቀነስለት።

ቅጣት ከማብዛት መንገዱን መቀየር እንደሚሻል ያየሁት ደግሞ ኦስትሪያ ላይ ነው። በ2023 እዚያ ከመስመር ወጡ ተብለው መታየት ያለባቸው ክስተቶች ከ1,200 በላይ ሆኑ። ሬሱ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ተጀምሮ፣ ሰው ውጤቱን አውርቶ ጨርሶ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ ማታ ስምንት ነጂዎች ላይ አዲስ ቅጣት ወጣ። ሳይንዝ ከ4ኛ ወደ 6ኛ ወረደ። በዓመቱ በሁለቱ የመጨረሻ መታጠፊያዎች ጠርዝ ላይ ጠጠር ተደረገ፣ ጣጣው በአብዛኛው ቆመ። የወጣ ራሱ ጊዜ ያጣል፣ ዳኛ አያስፈልግም። ጌም ላይም ይሄ ይቻላል፦ ለሊጋችሁ እንደ ሞናኮና ባኩ ግድግዳ ያላቸውን ጎዳናዎች አብዙ፣ መቁረጥ በራሱ ይቀራል። ግጭቱ ሊብስ ይችላል፣ እሱን አልደብቃችሁም።

የሚጠራቀም ነጥብ

ፎርሙላ ዋን ከ2014 ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 12 የቅጣት ነጥብ የሞላበትን ለአንድ ሬስ ያግዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የታገደው ያው ማግኑሰን ነው፣ በ2024። የሞላበት ሞንዛ ላይ ከጋስሊ ጋር በተነካኩት ትንሽ ነገር ነው፤ ጋስሊ ራሱ በቅጣቱ ተገረመ። ባኩ ላይ በእሱ ፋንታ ቤርማን ነዳ። ያቺ ጠብታ ብቻዋን ስትታይ ታሳዝናለች፣ የዓመቱን ጠባይ ስታይ ግን ያስኬዳል።

ሊጋችሁ አራት አምስት ሳምንት ብቻ ከሆነ አትልፉበት። ወራት የሚዘልቅ ከሆነ ያዙት።

እኔ ብሆን የምመርጠው

ድብልቁን፣ ግን በሥርዓት። ለግጭት መነሻ ቅጣት ይጻፍ፦ ቦታውን መመለስ፣ መመለስ ካልተቻለ 5 ሰከንድ። በዚያ ቀን የማይወዳደሩ ሦስት ልጆች ሪፕሌዩን አይተው ቅጣቱን አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ይችላሉ፣ ከዚያ በላይ አይችሉም። ምክንያታቸውን ጮክ ብለው ይናገሩ፣ ሊጉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይም ይጻፍ፣ ለሚቀጥለው ተመሳሳይ ጉዳይ ይጠቀስ። ውሳኔው ቀጣዩ ሬስ ከመጀመሩ በፊት ያልቃል። ሆን ብሎ ለገጨ ግን ሰከንድ አይደለም፣ ውጤቱ ይሰረዝ።

መነሻ ቁጥር ኖሮ ሰው የሚያይበት መሆኑ ለምን እንደሚጠቅም የካርሎስ ሳይንዝ ነገር ያሳያል። በ2025 ጃፓን ላይ ለብሔራዊ መዝሙር አርፍዶ መጣ፤ ምክንያቱ ሆዱ ነበር፣ ሐኪምም መስክሮለታል። ዳኞቹ ጥፋት የለብህም አላሉትም፣ 20,000 ዩሮ ቀጥተው ግማሹን በገደብ አደረጉለት። ለሆድ ሕመም ያም ይበዛል ባይ ነኝ፣ ግን ቢያንስ አይተውታል።

ስትጽፉ ቃላቱን በደንብ እዩዋቸው። በ2023 ፖርቱጋል ላይ ማርክ ማርኬዝ ሰው ገጭቶ ጣለ፣ ቅጣቱም «አርጀንቲና ላይ ይፈጸማል» ተብሎ ተጻፈ። እሱ በዚያው አደጋ ጣቱ ተሰብሮ አርጀንቲና አልሄደም። «እንግዲያው በሚቀጥለው ሬሱ» ብለው ሊቀይሩት ሞከሩ፣ ይግባኝ ሰሚው ሻረው፣ ቅጣቱ በኖ ቀረ። እናንተ «ቅዳሜ ላይ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «በሚቀጥለው የሚወዳደርበት ቀን» በሉ።

ከሁሉም በፊት ግን የመብራቱን ነገር ጻፉ። መብራት ሲጠፋ ሁሉም መሪ የነበረው እሱ ነው። ፎርሙላ ዋን ያቋረጠውን ሬስ ነጥብ እንዴት እንደሚሰጥ በ2022 አዲስ ደንብ ነበረው። ጃፓን ሱዙካ ላይ በዝናብ ምክንያት ከ53 ዙር 28ቱ ብቻ ተነዳ፣ ሁሉም ነጥቡ ይቀነሳል ብሎ ሲጠብቅ ሙሉ ነጥብ ተሰጠ፤ ደንቡ የሚሠራው ተቋርጦ «ካልቀጠለ» ብቻ ነበርና፣ ሬሱ ደግሞ ቀጥሎ ነው ያለቀው። ቨርስታፐን የዓለም ሻምፒዮን መሆኑን ሲነግሩት እርግጠኛ ናችሁ ወይ ብሎ ነበር። የእናንተ እንዲህ ይሁን፦ መብራት የጠፋው ሬሱ ሳይጋመስ ከሆነ እንደ አዲስ ይነዳል፤ ከተጋመሰ በኋላ ከሆነ መሪው መጨረሻ ባለፈው ሙሉ ዙር ላይ የነበረው ተራ ውጤት ይሆናል፤ ለዚህ ደግሞ አንድ ልጅ ስክሪኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በስልኩ ይቅረጽ፣ ስልኩም ቻርጅ ያለው ይሁን።